የፍስክ ኬክና እርጥብ ግድግዳ፦ በክረምት፣ በትንሽ ከተማ ሥዕል ለማሳየት ለምታስቡ

የሥዕል መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ለራሴ ሥራ የሚተርፈኝ ሰፊ ጊዜ ክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ "ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ ሥዕሎቼን ላሳይ" ብዬ ስነሣ ሐምሌንና ነሐሴን መርጬ አይደለም፤ ያለኝ እሱ ስለሆነ ነው።

"በክረምት? ደብረ ታቦር?" ያላለኝ ሰው የለም። የውጭዎቹ ሰዓሊዎች በእነዚህ ወራት በየገጠር ከተማው ኤግዚቢሽን ይከፍታሉ፤ ለእነሱ በጋ ነው፣ ሰዉ ለሽርሽር ይወጣል። እኛ ዘንድ ጭቃ አለ፣ ጾም አለ፣ መብራት ይጠፋል። እዚያው አድጌ ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። አሥር ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ ግን ረስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ኪሳራ በሙሉ የመጣው ከዚህ መርሳት ነው። ገንዘቡ ይሁን፤ አንድ ሥዕሌን ያጣሁ መስሎኝ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። እናንተ እንዳታለቅሱ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ዘመኑ 2009 ነው። 23 ሥዕሎች ይዤ ተነሣሁ። ትልቁ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የዘይት ቀለም ነው፤ ሴባስቶፖልን የሚጎትቱ ሰዎች። ደብረ ታቦር ያደገ ልጅ ጋፋትን ሳይሰማ አያድግም። አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ያን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ ያሠሩት እዚያው ከተማው አጠገብ ነው። መድፉን ሁሉም ይሥለዋል። እኔ የሣልኩት ገመዱን ነው፤ ገመዱን የጨበጡትን እጆች፣ ወደ መቅደላ መንገድ ሽቅብ ያጎነበሱትን ጀርባዎች። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ያለቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ጋ ነው። የዘይት ቀለም ላዩን ስትነኩት የደረቀ ይመስላል። ውስጡ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ወፈር ካለ ከዚያም በላይ። እኔ ዝናብ ፈርቼ ሥዕሉን በላስቲክ ጥቅልል አደረግኩት፣ በሲባጎ ጠፈርኩት፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንኩት። ዓባይ በረሃ ላይ ፀሐዩ ቀቀለው። ደጀን ስንወጣ ዝናቡ ወረደበት። ደብረ ታቦር ደርሼ ላስቲኩን ስገልጥ "ጭርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሦስት ሰዎች ጀርባ ከላስቲኩ ጋር ተላጠ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በሻማ ስጠግነው አደርኩ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ለነሐሴ የሚታይ የዘይት ሥራ ከጥር በፊት አልቆ መቀመጥ አለበት። ካልደረሰልኝ ይቀራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት። ስጭን እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ሥዕሎች ፊት ለፊት እገጥማለሁ፣ በአራቱም ማዕዘን የጠርሙስ ቡሽ አስገብቼ እንዳይነካኩ አደርጋለሁ። ከዚያ ካርቶን፣ ከዚያ አሮጌ ብርድ ልብስ። ላስቲኩ የሚመጣው ከሁሉ በላይ ነው፤ ቀለም አይነካም። እንደደረሳችሁም ወዲያው አውጡት፣ ላስቲክ ውስጥ የታፈነ እርጥበት በራሱ ያሻግታል። ደግሞ ረዳቱን ቀደም ብላችሁ ሻይ ጋብዙት። እየቀለድኩ አይደለም። በሥዕላችሁ ላይ በግ ወይም ከረጢት ይጫን አይጫን የሚወስነው እሱ ነው።

አዳራሹን የሰጠኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው "ችግር የለም፣ ያንቺው ከተማ አይደል" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር ውላችን። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ጭቃ ነው፣ ከውጭ በኩል አሸንዳው የሚፈሰው እሱ ላይ ነው። እኔ ሚስማር መትቼ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ለጠፍ አድርጌ ሰቀልኩ። በሦስተኛው ቀን ሸራዎቹ እንደታጠበ ነጠላ ረገቡ። የውሃ ቀለም ሥራዎቼ መስታወታቸው ላይ ተለጠፉ። አንዱን ከጀርባው ስገለብጠው አረንጓዴ ሻጋታ ጀምሮታል።

ደንግጬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሁለት ምድጃ ከሰል አያይዤ በሩን ዘጋሁ። ላደርቀው። ዘበኛው አባት ባይደርሱልኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። በሩን በርግደው ጎትተው አወጡኝ፤ ራሴ ዞሮ ነበር። "ልጄ፣ ሥዕሉን አደርቃለሁ ስትዪ አንቺ ደርቀሽ እንዳትቀሪ" አሉኝ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲጨንቀን ግን እንረሳለን። ለሥዕሉም አይበጅም። እርጥብ ሸራ በአንዴ ሲደርቅ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ጥቀርሻውም ነጩን ቦታ ያጠቁረዋል።

መድኃኒቱ አየር ነው። ከእያንዳንዱ ፍሬም ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ ሁለት ቡሽ ወይም ሁለት ጣት የምታህል ጣውላ መትታችሁ ከግድግዳው አርቁት። ከኋላው ነፋስ ይለፍ። ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ስትል መስኮት ክፈቱ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም ዝጉ። ሸራው ከረገበ በፍሬሙ ማዕዘን ላይ ትንንሽ የእንጨት ሽብልቅ ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፤ ይወጠራል። የውሃ ቀለም ከሆነ ሥዕሉና መስታወቱ እንዳይነካኩ መሐል ላይ ወፍራም የካርቶን ጠርዝ ይግባ። ወለል ላይ ምንም አታስቀምጡ፣ ለአንድ ሌሊትም ቢሆን።

ወደ መክፈቻው ልመለስ። ዓርብ፣ ነሐሴ 5 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። አዲስ አበባ ቢሆን ሰዓቱ ደህና ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ግን በፍልሰታ፣ ዓርብ ቀን፣ 8 ሰዓት ላይ ከተማው ያለው ቅዳሴ ላይ ነው። 60 የጥሪ ወረቀት በትኜ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ እናቴ ከማኅሌቱ በር ላይ አስወጥታ ያመጣቻቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ መምህር፣ እና ዘበኛው አባት። ደግሞ ከባሕር ዳር ድረስ በባጃጅና በሚኒባስ እየተሸከምኩ ያመጣሁት ትልቅ ኬክ አለ። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል። በፍልሰታ! ጎረቤታችን ኬኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ "ባለ ኬኳ" ነው የምባለው።

የባሰው የመጣው ማክሰኞ ነው። ጠዋት ስሄድ አዳራሹ በወንበር ተሞልቷል። ስብሰባ። ሥዕሎቼ የሉም። ማን እንዳወረዳቸው የሚነግረኝ አጣሁ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። የሌላው የፍሬም ማዕዘን ሴባስቶፖልን በስቶ፣ ከሦስተኛው ሰው ትከሻ ጀምሮ አንድ ክንድ የሚሆን ቀድዶታል። ማንን ትከሳላችሁ? በእጄ አንድ ወረቀት የለኝም። "ያንቺው ከተማ አይደል" የሚል ቃል ብቻ ነው ያለኝ።

ሦስቱን ቀን ያለቀስኩት ያኔ ነው።

በአራተኛው ቀን የተረፉትን ልጭን መኪና እየጠበቅኩ ነበር። ደህና የነበሩትን ሥዕሎች በረንዳው ላይ አስደገፍኳቸው። የገበያ ቀን ነው። ከሰዓት ላይ ያ የጉና ተራራ ዝናብ ከነበረዶው መጣ። ገበያተኛው ሁሉ ሮጦ በረንዳው ውስጥ ገባ፤ ከነዶሮው፣ ከነጌሾው፣ አንዱ ከነአህያው። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚሄዱበት የለ፣ የሚሠሩት የለ። ታዲያ ምን ያያሉ? ሥዕል አዩ።

ያንን አንድ ሰዓት በምንም አልለውጠውም። 60 የጥሪ ወረቀት ያላመጣውን ሰው ዝናቡ አመጣልኝ። አንዲት እናት እርሻ የሣልኩበትን ሥዕል እያዩ "ይሄ በሬ ታሟል፣ ጎኑን አላየሽውም?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የጎድን አጥንቱን ለውበት ብዬ አጋንኜው ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወደ አንድ የጎን ምስል ጠጋ ብለው ቆሙ። አያቴን በጎን የሣልኩት ነው፣ የምወደው ሥራዬ። ብዙ ቆዩና "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን በደለ?" አሉኝ።

ግራ ገባኝ። "ኧረ አባቴ፣ ደግ ሰው ነበሩ፤ አያቴ ናቸው" አልኩ።

"ታዲያ ለምን አንድ ዓይን አደረግሽው?"

ያኔ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ጻድቅ ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ሲያነቡ የኖሩትን ፊደል ነው ያነበቡልኝ። እኔ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስመረቅ ስንት መቶ የጎን ምስል ሣልኩ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። "ሰዉ ሥዕል አያውቅም" እያላችሁ ወደ ገጠር ከተማ እንዳትሄዱ። ያውቃል። የሚያውቀው እናንተ ከምታውቁት ሌላ ነው እንጂ።

ዝናቡ ሲያባራ ሄዱ። እኔም መኪናውን መለስኩት፤ ሌላ አራት ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ቆየሁ።

በ2010 ሁሉንም ነገር ገልብጬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቦታውን። አንዲት ሁለት ክፍል ያላት ትንሽ ሙዚየም አገኘሁ፤ አሮጌ ጋሻ፣ ሞሰብ፣ ጥቂት የብራና መጻሕፍት ያሉባት። ሰዎቹ ደግ ነበሩ፣ ቢሆንም ውል አስፈረምኩ። ኃላፊዋ ሳቁብኝ፤ እኔ ግን ስለ ሴባስቶፖል ነገርኳቸውና ወዲያው ፈረሙ። አንድ ገጽ ናት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሚታይ፣ ቁልፉ እነማን ጋ እንደሚሆን፣ ከእኔ ውጪ ሥዕል ማንም እንደማያወርድ፣ ቦታው በድንገት ቢፈለግ ከሦስት ቀን በፊት እንደሚነገረኝ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል፣ ከሽያጭ ስንት በመቶ እንደሚቆረጥና ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚሰጠኝ። 20 በመቶ ተስማማን። የሥዕሎቹን ዝርዝር ከነፎቶግራፋቸው አያይዤ በየገጹ ማህተም አስመታሁ። ዘመድ ቢሆንም አስፈርሙ። እንዲያውም ዘመድ ከሆነ ይበልጥ አስፈርሙ፤ ኋላ መጣላት የሚከብደው ከዘመድ ጋር ነው።

ቀጥሎ ቀኑን። በደብረ ታቦር ከተማ የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 እያለልኝ እኔ ባለፈው ዓመት ነሐሴ 5ን መምረጤ ጉድ ነው። የከተማዋ ስም እኮ የበዓሉ ስም ነው። የዚያን ዓመት ቡሄ እሑድ ዋለ። ለትምህርት የወጣው፣ ለሥራ የሄደው፣ ከውጭ የመጣው ሁሉ ቤቱ ገብቷል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከፈትኩ፤ መስተንግዶው ቆሎ፣ ሙልሙልና ሻይ። ሙልሙሉን የጋገረችው እናቴ ናት፣ ኬክ የሚል ቃል እንዳይነሣ አስጠንቅቃኝ። ሰው በረንዳውን ሞላው። "ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት" የሚለውን ግን አትመኑ። ጅራፉ ከጮኸ በኋላም ሁለት ሳምንት ዘንቦብናል።

ሰዓቱንም ለዝናቡ ለቀቅኩለት። በእኛ አካባቢ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ለተማሪና ለከተማው ሰው። በገበያ ቀን ግን እስከ ማታ። በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ደርድሬ "ከዝናብ ይጠለሉ፣ በነፃ ነው" የሚል ጻፍኩ። ከዚያች ጽሑፍ የበለጠ የሠራልኝ ማስታወቂያ የለም። በሩ ጋ አሮጌ ጆንያ አንጥፉ፣ ባልዲና መጥረጊያ ይኑር። ጃንጥላ የሚንጠባጠብበት ጥግ ለዩ፤ አለበለዚያ ሥዕሉ ሥር ነው የሚደገፈው።

ለጠዋቱ ልጆችን ጠራሁ። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም፣ እቤት ውስጥ እናቶቻቸውን አሰልችተዋል። ከሰልና ካርቶን ሰጥቼ አሣልኳቸው፣ ሥራቸውንም አንዱ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። የልጁ ሥዕል የተሰቀለለት አባት አይቀርም፤ ይመጣል፣ ጓደኛውንም ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ርዕሶቼ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ ግማሾቹ ላይ ደግሞ "ርዕስ የለሽ" የሚል ትርጉም ያለው ነገር። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። አሁን በትልቁ በአማርኛ፣ ከሥሩም ሁለት መስመር፦ ማን ነው፣ የት ነው፣ ለምን ሣልኩት። ማንበብ ለማይችሉት ልጆቹ ያነቡላቸዋል። መብራት እንደሚጠፋ ስለማውቅ ዋና ዋናዎቹን መስኮት ብርሃን የሚደርስበት ላይ ሰቀልኩ። መስታወት ያላቸው ግን መስኮት ትይዩ አይሁኑ፤ ተመልካቹ የሚያየው የራሱን ፊት ይሆናል።

ዋጋ። ይሄ ስሱ ነገር ነው። በ2009 ትንሹ ሥዕሌ 8,000 ብር ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ከትህትና የተነሣ እንኳ አልጠየቀኝም። በሁለተኛው ዓመት የትልልቆቹን ዋጋ አላወረድኩም። ዋጋ መስበር ባለፈው የገዛችሁን ሰው መስደብ ነው። ይልቅ መዳፍ የሚያካክሉ ትንንሽ ሥራዎች ከ300 እስከ 900 ብር አዘጋጀሁ። አሥራ አራቱ ተሸጡ። አንዲት ነርስ 900 ብሩን በሦስት ደመወዝ ከፈለችኝ፤ ሥዕሉን በመጀመሪያው ቀን ነው የሰጠኋት። አንድም ብር አልቀረም። የመኪና፣ የሕትመትና የቆሎ ወጪ ተቀንሶ የተረፈኝ 2,000 ብር አካባቢ ነው። ሀብታም አልሆንኩም። ግን አልከሰርኩም፣ እና ከ2009 ጋር ሳስተያየው ይህ ለእኔ ሠርግ ነው።

ሴባስቶፖልንም ሰቀልኩት። ቀዳዳውን ከጀርባው በሌላ ሸራ አጣብቄ ፊቱን በቀለም ሞልቼዋለሁ፤ ጠባሳው ግን ይታያል። ልደብቀው አስቤ ነበር። ዘበኛው አባት ሊያዩኝ መጥተው "ተይው፣ ገመዱ የላጠው ነው የሚመስለው" አሉ። ተውኩት።

በ2011 ቀን ቆጥሬ ሥዕሎቹን ወደ ላሊበላ ቀጠልኩ፤ ፍልሰታ ተፈትቶ ነሐሴ 16 አሸንድዬ ስለሚጀምር። ሁለት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከጋሸና ወደ ላይ ያለው ኮረኮንች ያኔ ፍሬም ያላቅቅ ነበር፤ ትንሽ መዶሻ፣ ሚስማርና ሙጫ ቦርሳችሁ ውስጥ አይጥፋ። ሁለተኛ፣ እዚያ ብራና ላይ የሠራኋቸውን ትንንሽ ሥዕሎች ከውጭ የመጣ ወገናችን ገዛኝ፤ ያረጁ እንዲመስሉ በሻይ አቅልሜያቸው ነበር። አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ላይ ቅርስ ነው ተብሎ ተያዘ። ደወለልኝ፣ በስልክ ተለማመጥን፣ አልሆነም፤ ሥዕሉ ቀርቶ እሱ በረረ። ከዚያ ወዲህ ለውጭ ገዢ የምሸጠውን ሥራ ስሜንና ዓመቱን በግልጽ እጽፍበታለሁ፣ የሥዕሉ ፎቶ ያለበት ማህተም የተመታበት ደረሰኝ እሰጣለሁ፣ ከመብረሩም በፊት ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ሄዶ ፈቃድ እንዲይዝ አጥብቄ እነግረዋለሁ። የበረራው ቀን ከመድረሱ በፊት እንጂ በዚያው ቀን አይሆንም። ብራናም ቢሆን እርጥበት ሲያገኝ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ዙሪያውን ሳትወጥሩ አትስቀሉት።

አያቴንስ? እንደገና ሣልኳቸው። ፊታቸው ወደ እኛ፣ ሁለት ዓይን። የጎኑንም አልጣልኩትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የምሰቅላቸው። ሽማግሌውን በየገበያው ቀን በር በሩን እያየሁ ጠብቄያቸው ነበር፤ እስካሁን ዝናብ አላመጣቸውም።